ጨረቃ ላይ የሚዘል ጀግና እንዴት ይሠራል?

አራት ኪሎ፣ አንድ ካፌ ጥግ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ የዝላይ ጌም ስሠራ ከርሜያለሁ። ታሪኩን ወደ ጠፈር ላውጣው ብዬ ከጀርባው ጥቁር ሰማይና ኮከብ ለጠፍኩ፤ አለቀ መሰለኝ። የእህቴ ልጅ ትንሽ ተጫወተና «ይሄ እኮ ያው ነው» አለኝ። ልክ ነበር።

ስለዚህ ከስበት ጀምሩ። የምድር ስበት 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው፤ የጨረቃ 1.6 ገደማ። የመነሻ ፍጥነቱን ሳትነኩ ስበቱን ብቻ ብትቀይሩ፣ 1 ሰከንድ ይፈጅ የነበረው ዝላይ 6 ሰከንድ ይሆናል። ከፍታውም 6 እጥፍ። ጀግናዬ ከስክሪኑ በላይ ወጥቶ ጠፋ። ማኪያቶዬን ፉት ብዬ ቀና ስል ገና እየወረደ ነበር!

ተጫዋች ይህን ሁሉ ጊዜ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። ወይ ስበቱን ትንሽ ጨምሩ (ማንም በሜትር አይለካባችሁም)፣ ወይ አየር ላይ ሥራ ስጡት። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ፤ ጀርባው ላይ ትንሽ የጋዝ ታንክ አዘልኩት። ጋዙ ወደ ቀኝ ሲወጣ ጀግናው ወደ ግራ ይሄዳል። አየር ስለሌለ የሚያዘገየው የለም፤ ጋዙን በተቃራኒው አቅጣጫ እስኪለቅ ድረስ መንሸራተቱን ይቀጥላል። ጋዙ ለሦስት ጊዜ ብቻ እንዲበቃ አድርጉ፤ ያኔ እያንዳንዷ ዝላይ ሂሳብ ትሆናለች።

ጀግናው ከስክሪኑ እንዳይጠፋ ካሜራውን ራቅ አድርጉት። ጠፈር ላይ ድምፅም የለም፤ እኔ ሄልሜቱ ውስጥ የሚሰማውን ትንፋሽ ብቻ ተውኩ። ኦክስጅኑ ሊያልቅ ሲል ትንፋሹ ይፈጥናል። የእህቴ ልጅ እዚህ ጋ ሲደርስ የራሱን ትንፋሽ ያዘ።