የሄርፒስ ቫይረስ ጂኖች በተለያዩ ህዋሳት ውስጥ ምን ያህል እንደሚነበቡ አለካክ

የሄርፒስ ሲምፕሌክስ 1 ቫይረስ ጂኖች ተራ ጠብቀው ይነሳሉ፤ ማለትም ወደ አርኤንኤ ይቀዳሉ። ቫይረሱ ይዞት የሚገባው ቪፒ16 የተባለ ፕሮቲን ከህዋሱ ፕሮቲኖች ከኦክት-1 እና ከኤችሲኤፍ-1 ጋር ተጣምሮ እንደ አይሲፒ0 እና አይሲፒ4 ያሉትን አፋጣኝ (ከሁሉ ቀድመው የሚነበቡ) ጂኖች ያስነሳል። እነሱ ቀዳሚዎቹን (ለምሳሌ ቲሚዲን ካይኔዝን) ይቀሰቅሳሉ፤ እንደ ግላይኮፕሮቲን ሲ ያሉት ዘግይተው የሚመጡት ግን የቫይረሱ ዲኤንኤ እስኪባዛ ይጠብቃሉ። በስሜት ነርቭ ህዋሳት ኤችሲኤፍ-1 በአብዛኛው ከኒውክለሱ ውጭ ስለሚገኝ ሂደቱ ገና ከመነሻው ሊገታ ይችላል።

ቫይረሱን ጨምረው በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ1 ሰዓት ያቆዩ፤ ያልገባውን አጥበው ያስወግዱ፤ ከዚያ በ2፣ በ4፣ በ8 እና በ12 ሰዓት ናሙና ይሰብስቡ። ለአንድ ህዋስ 5 ፕላክ ሠሪ ቅንጣት (ህዋሳትን መበከል የሚችል የቫይረስ መለኪያ) የሚደርሳቸውን እና 0.1 የሚደርሳቸውን ሳህኖች ጎን ለጎን ያዘጋጁ። ብዙ ቫይረስ ሲገባ በህዋሳት መካከል ያለው ልዩነት ይደበቃል፤ አይሲፒ0 የጎደለው ቫይረስ እንኳ ጤነኛ ይመስላል።

በቬሮ ህዋሳት (ቫይረስ ለመቁጠር በሚያገለግሉ የዝንጀሮ ኩላሊት ህዋሳት) ላይ የተቆጠረው መጠን ወደ ነርቭ ህዋስ እኩል አይገባም። ስለዚህ ከ2ኛው ሰዓት ናሙና የቫይረሱን ዲኤንኤ ለክተው የአርኤንኤውን ውጤት ለዚያ ያካፍሉ። ይህ ካልተደረገ የመግባት ልዩነት የጂን ቁጥጥር ልዩነት መስሎ ይታያል፤ በጣም የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

ደረጃዎቹን ለመለየት መድኃኒት ይጠቀሙ። ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያግደው ሳይክሎሄክሲማይድ በ100 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ቫይረሱ ከመግባቱ 30 ደቂቃ ቀድሞ ተጨምሮ እስከ መጨረሻው ከቆየ አፋጣኞቹ ብቻ ይከማቻሉ። 400 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ፎስፎኖአሴቲክ አሲድ ደግሞ የዲኤንኤውን መባዛት ስለሚያግድ ግላይኮፕሮቲን ሲ ይጠፋል ማለት ይቻላል።

አርኤንኤውን በዲኤንኤዝ (ዲኤንኤን በሚቆራርጥ ኢንዛይም) ማጽዳት ግዴታ ነው። አብዛኞቹ የቫይረሱ ጂኖች ኢንትሮን (ከአርኤንኤው ተቆርጦ የሚወጣ የጂን ክፍል) ስለሌላቸው ፒሲአር የተባለው የማባዣ መለኪያ የተረፈውን ዲኤንኤ ከአርኤንኤ ቅጂ አይለይም፤ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጥ ኢንዛይም) ያልገባበት ማነጻጸሪያ ለእያንዳንዱ ናሙና ይኑር። አይሲፒ0 ኢንትሮን ስላለው ፕራይመሩን (የፒሲአር መነሻ የሆነውን አጭር ዲኤንኤ) ኢንትሮኑን አሻግረው ይምረጡ።

ናሙናዎቹን ለማመዛዘኛ የህዋሱን ቤታ አክቲን ጂን አይውሰዱ። ቫይረሱ የሚያመጣው ቪኤችኤስ የተባለ ፕሮቲን የህዋሱን መልእክተኛ አርኤንኤ ይቆራርጣል፤ አክቲኑ ሲያንስ የቫይረሱ ጂን በሐሰት የጨመረ ይመስላል። 18ኤስ ራይቦሶማል አርኤንኤ የተሻለ ነው፤ መጠኑ እጅግ ብዙ ስለሆነ ናሙናውን አቅጥነው ይለኩት።