ቤሊዝን ለማጥናት፦ ከባሕሩ መነሣት ለምን ይበጃል?

ስለ ቤሊዝ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ከነገሥታትና ከጦርነቶች ዝርዝር በፊት ካርታ ቢዘረጋ ይሻለዋል። 22,966 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት ይህች አገር በሰሜን ከሜክሲኮ፣ በምዕራብና በደቡብ ከጓቲማላ ትዋሰናለች፤ ከመካከለኛው አሜሪካ አገሮች መካከልም በፓሲፊክ ውቅያኖስ በኩል ዳርቻ የሌላት እርሷ ብቻ ናት። ፊቷ ሁሉ ወደ ካሪቢያን ባሕር ነው።

በካርታው ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው ከጠረፉ ትይዩ የተዘረጋው፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1996 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የኮራል ሪፍ፣ ማለትም ከጥቃቅን የባሕር እንስሳት አጽም የተገነባው የባሕር ውስጥ ቋጥኝ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛውያን እንጨት ቆራጮች በዚህ ጠረፍ መጠጊያ ያገኙት፣ ጥልቀት የሌለው ውኃና ሪፉ ለትላልቅ የስፔን መርከቦች አስቸጋሪ ስለ ነበሩ ነው። ቀጥሎ ወንዞቹን ይከተሉ፤ በመጀመሪያ ቀለም የሚወጣበት እንጨት፣ ኋላም ማሆጋኒ በእነርሱ ላይ እየተንሳፈፈ ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። ግንዱን ይቆርጡ የነበሩት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ሲሆኑ፣ የዛሬዎቹ ክሪዮሎች ከእነርሱና ከአውሮፓውያን ሰፋሪዎች የተወለዱ ናቸው። ነገር ግን ታሪኩን ከእንጨት ቆራጮቹ መጀመር፣ በእኔ እምነት፣ ትልቅ ስሕተት ነው፤ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ማያዎች በጥንታዊት ከተማቸው በካራኮል የሠሩት ካአና የተባለው ሕንፃ 43 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በአገሪቱ ከሚገኙት ረጃጅም ሕንፃዎች አንዱ ነው።

ባህሉን ሲያጠኑ ስለ እያንዳንዱ ሕዝብ «ከየት፣ መቼና ለምን መጣ?» ብለው ይጠይቁ። ጋሪፉናዎች በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በሴንት ቪንሰንት ደሴት ከአፍሪካውያንና ከነባር የካሪብ ሕዝቦች የተገኙ ሲሆኑ፣ ብሪታንያ በ1797 ከደሴቲቱ አስወጥታ በሆንዱራስ ጠረፍ ወዳለችው ወደ ሮአታን ደሴት አባረረቻቸው። ከዚያ ወደ ቤሊዝ የተሻገሩበት መታሰቢያ በየዓመቱ ኖቬምበር 19 ይከበራል፤ በዳንግሪጋ ከተማ ማለዳ ላይ ጀልባዎች ከባሕር እየቀዘፉ ሲመጡ ከበሮ እየተመታ የአያቶቻቸው መምጣት እንደገና ይታያል። ሁዱት የተባለውን፣ ከተወቀጠ ፕላንቴን (ተቀቅሎ የሚበላ የሙዝ ዓይነት) እና በኮኮናት ወተት ከበሰለ ዓሣ የሚዘጋጀውን ምግብ ማወቅም የዚሁ ጥናት አካል ነው። በሰሜን የሚኖሩት የብዙ ሜስቲዞዎች (ከስፔናውያንና ከነባር ሕዝቦች የተወለዱ) አያቶች በ1847 በሜክሲኮ ከተቀሰቀሰው የዩካታን ጦርነት የሸሹ ናቸው፤ ሜኖናይት የተባሉት የፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ደግሞ በ1958 ከሜክሲኮ መጡ። የመንግሥት ቋንቋው እንግሊዝኛ ቢሆንም የመንደሩን ጨዋታ ለመረዳት ክሪዮልኛን ማዳመጥ ያስፈልጋል።

የቆየ ካርታ ከገጠመዎ ስሙን ይመልከቱ፤ አገሪቱ እስከ 1973 ብሪቲሽ ሆንዱራስ ትባል ነበር። በ1961 ሃቲ የተባለው አውሎ ነፋስ ቤሊዝ ሲቲን ስላወደመ ዋና ከተማዋ በ1970 ወደ መሀል አገር፣ ወደ ቤልሞፓን ተዛወረች። ነፃነቷ እስከ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1981 የዘገየው በዋናነት ጓቲማላ ግዛቱ ይገባኛል ትል ስለ ነበር ነው። ሁለቱ አገሮች በ2018 እና በ2019 ባካሄዱት ሕዝበ ውሳኔ ክርክሩ ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ስለ ወሰኑ፣ ስለ ድንበሩ የሚያትት ጽሑፍ ሲያነቡ የተጻፈበትን ዓመት አስቀድመው ያረጋግጡ።