ማስታወቂያ ሲያባብላችሁ እንዴት ትነቃላችሁ?

«እኔን ማስታወቂያ አይሸውደኝም» የማይል ሰው የለም። እሺ፣ እንሞክረው። ሱቅ ሂዱና «የልብስ ሳሙና ስጠኝ» በሉ። ባለሱቁ «የቱን?» ይላችኋል። ያኔ ቀድሞ አፋችሁ ላይ የመጣው ስም ከየት መጣ? መቼም ሳሙናዎቹን ሁሉ በየተራ አጥባችሁባቸው አወዳድራችሁ አይደለም። በድራማው መሃል ለወራት ሲዘፈንላችሁ ስለከረመ ነው።

ይሄ ሞኝነት አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ጥናት ለሰዎች ምንም ትርጉም የሌላቸው ቃላት አሳየ። አንዳንዶቹን ብዙ ጊዜ፣ አንዳንዶቹን ጥቂት ጊዜ። ከዚያ «የዚህ ቃል ትርጉም ጥሩ ነው መጥፎ?» ብሎ ሲያስገምታቸው ደጋግመው ያዩት ጥሩ መሰላቸው። ምንም አልተነገራቸውም እኮ፣ ዓይናቸው ለመደው፣ በቃ። ስለዚህ አንድን ዕቃ «አሪፍ ነው» ስትሉ ራሳችሁን «በምን አወቅኩ?» ብላችሁ ጠይቁ። ተጠቅሜው ነው? የተጠቀመ ሰው ነግሮኝ ነው? ወይስ ጆሮዬ ውስጥ ስለተቀመጠ ብቻ? ለሳሙና ከሆነ ግድ የለም፣ ግዙት። ነገሩ የሚከብደው ዋጋው ሲከብድ ነው።

ቀጥሎ የምትለማመዱት ማስታወቂያው የተናገረውንና እናንተ የተሰማችሁን መለየት ነው። የቢራ ማስታወቂያዎቹን ታስታውሳላችሁ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሳያስወጣው በፊት ማለቴ ነው። ተራራ፣ ፈረስ፣ ጭፈራ፣ ጓደኛሞች ተቃቅፈው ሲስቁ። ስለ ቢራው ምን ተባለ? ምንም ማለት ይቻላል። የተሸጠልን ወዳጅነትና ኩራት ነው፣ ጠርሙሱ መጨረሻ ላይ ብቅ ይላል። አሁን ደግሞ ተመሳሳዩን ጭፈራ አልኮል የሌለው የማልት መጠጥ ይዞታል። ይሄን ለመያዝ ቀላል ዘዴ አለ፦ ማስታወቂያውን አንዴ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፣ አንዴ ደግሞ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት፣ ከዚያ «ስለ ዕቃው የነገሩኝ ነገር» ብላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ብዙ ጊዜ አንድ መስመር እንኳን አይሞላም።

ቁጥር ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነው። ቴሌግራም ላይ ጫማ ስታዩ «የነበረው 4,500፣ አሁን በ2,800 ብር!» ይላል። 4,500 ብር ማን ከፍሎ ያውቃል? ምናልባት ማንም። ግን ቁጥሩ ሥራውን ሠርቷል፣ 2,800 ርካሽ መሰላችሁ። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካነማን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ሙከራ ለእኛ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። የዕጣ መንኮራኩር ያሽከረክራሉ፣ በድብቅ ተስተካክሎ 10 ወይም 65 ላይ ብቻ ነው የሚቆመው። ከዚያ ሰዎቹን «ከተባበሩት መንግሥታት አባላት መካከል በመቶኛ ስንቱ የአፍሪካ አገሮች ናቸው?» ብለው ይጠይቃሉ። 10 የወጣላቸው መካከለኛ ግምታቸው 25 ሆነ፣ 65 የወጣላቸው 45። መንኮራኩሩ ስለ አፍሪካ ምን ያውቃል? የተሰረዘው ዋጋም ስለ ጫማው ያን ያህል ነው የሚያውቀው። መድኃኒቱ የተሰረዘውን ቁጥር በጣታችሁ ሸፍናችሁ «ይሄን ጫማ ሱቅ ውስጥ ባየው ስንት ብዬ እጀምራለሁ?» ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ ወደ አፓርታማ። እዚህ ላይ ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባውን፣ አረብ አገር ወይ አሜሪካ ያለ ወገን ደግሞ የስንት ዓመት ላቡን ነው የሚያስገባው። አንድ የተለመደ ማስታወቂያ በምናባችን እንሥራ፦ «ካሬው ከ90,000 ብር ጀምሮ፣ በ10% ቅድመ ክፍያ፣ ከቦሌ በ10 ደቂቃ ርቀት፣ ጥቂት ቤቶች ብቻ ቀርተዋል።» ውሸት አለበት? ላይኖር ይችላል። እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው፣ አብዛኛው ማባበል የሚሠራው በእውነት ነው፣ የቀረውን እውነት ባለመናገር።

«ጀምሮ» የምትለዋን እዩ። 90,000ው ማንም የማይፈልገው ፎቅ ላይ ያለ፣ ፀሐይ የማያገኝ ቤት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ «ካሬ» የትኛው ካሬ ነው? 100 ካሬ ብለው የሸጡላችሁ ውስጥ ደረጃው፣ ኮሪደሩና ሊፍቱ ተቆጥረው ከሆነና እነሱ 20 ካሬ ከወሰዱ፣ የምትኖሩበት 80 ነው። 9 ሚሊዮኑን ለ80 አካፍሉት፣ ካሬው 112,500 ብር ሆነ። 10%ም እንደዚሁ። 900,000 ብር ሲባል «እሱንማ ከዚህም ከዚያም አሰባስበዋለሁ» ትላላችሁ፣ የቀረው 8.1 ሚሊዮን ግን በስንት ወር፣ በምን ያህል ጭማሪ፣ ዋጋው በዶላር ወይም በሲሚንቶ ዋጋ ይስተካከላል ወይ የሚለው ማስታወቂያው ላይ የለም፣ ውሉ ገጽ ላይ ነው ያለው። ምስሉም ኮምፒውተር የሠራው ነው። ዛፉም፣ መዋኛ ገንዳውም፣ ውሻ ይዛ የምትሄደው ሴትዮም። 10 ደቂቃው ደግሞ የስንት ሰዓት 10 ደቂቃ ነው? ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ራሳችሁ ታክሲ ይዛችሁ ሂዱና ለኩት።

ደውላችሁ ስትጠይቁ ሻጯ ደግ ናት፣ «የኔ ወንድም»፣ «የኔ እህት» ትላለች። አትጣሏት፣ ሥራዋ ነው። ግን ጥያቄውን እሷ እንድትመርጥላችሁ አትፍቀዱ። «ባለሁለት ይሻላችኋል ባለሦስት?» ስትል ገና ልግዛ ወይስ አልግዛ የሚለውን ሳትወስኑ የምትገዙትን እያማረጣችሁ ነው። «መጀመሪያ ውሉን ላኪልኝ» በሏት።

ታዋቂ ሰው ሲያስተዋውቅ ነገሩ አጭር ነው። ተዋናይዋን እንወዳታለን፣ በድራማ ላይ እናት ሆና አስለቅሳናለች። ስለ ኮንክሪት ግን ከእኛ በላይ አታውቅም። ቲክቶክ ላይ «በራሴ ሞክሬው ነው» የሚለውም ልጅ መጨረሻ ላይ «ኮዴን ተጠቀሙ» ካለ ማስታወቂያ ነው፣ በቃ።

«ዛሬ ብቻ» ሲሏችሁ «ነገ ብመጣስ?» በሉ። ለእንቁጣጣሽ የወጣው «የመጨረሻ ዕድል» ለገናም ሲመጣ አይታችኋል አይደል? በእውነት የሚያልቅ ነገር አለ፣ አልክድም፣ ግን አንድ ሌሊት መታገስ የማይችል ሚሊዮን ብር የሚጠይቅ ዕድል ቢያመልጣችሁ ይሻላል።

አንድ የመጨረሻ ሥራ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ማስታወቂያውን ስክሪንሹት አድርጉ፣ ቪዲዮ ከሆነ አውርዱት፣ ሻጯ በስልክ ያለችውን ደግሞ በጽሑፍ እንድትልክላችሁ ጠይቋት። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም ሆነ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላሉ፣ ነገር ግን ፖስቱ ከተሰረዘ በኋላ «እንዲህ ብለው ነበር» ብሎ መከራከር አድካሚ ነው። ስልካችሁ ላይ አንድ ፎልደር ክፈቱለት።