የመኪና ጌጥ ሲነሳ ቀለሙ አብሮ እንዳይነሳ

የበሩን ጌጥ ወይም የኋላውን አርማ ለማንሳት ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የሚይዘው ካቻቢቴ ነው። እባካችሁ መልሱት። ጫፉ አንዴ ከተንሸራተተ ጭረቱ ላሜራው ድረስ ይገባል። ጌጡን የያዘው ስፖንጅ የመሰለ ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ነው። ወደ ውጭ ሲጎትቱት አጥብቆ ይይዛል፤ በጎን ሲቆርጡት ግን ይሸነፋል። ስለዚህ ሥራው የመፈልቀቅ ሳይሆን የመቁረጥ ነው።

ድርቅ ብሎ አልላቀቅ ካለ

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቅዝቃዜ ነው። ሙጫው ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል። መጀመሪያ ዙሪያውን በሳሙና በደንብ እጠቡ። ጠርዙ ላይ የቀረ አሸዋ በኋላ ከምትቆርጡበት ክር ጋር ሲመላለስ ቀለሙን ይጭረዋል። ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያንቀሳቀሳችሁ ጥቂት ደቂቃ አሙቁት። እጅ ሲያርፍበት ሞቅ ብሎ የማያቃጥል ከሆነ በቂ ነው። ሂት ጋን (በጣም የጋለ አየር የሚነፋ መሣሪያ) እኔ አልመክርም፤ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከቆየ ቀለሙን ያሳብጠዋል፣ ፕላስቲኩንም ያጣምመዋል።

አሁን የዓሣ ማጥመጃ ክር ከጌጡ ጀርባ አስገቡ። የጥርስ ማጽጃ ክርም ይሠራል፣ ግን ቶሎ ይበጠሳል። ጓንት አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፍ ያዙና እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ ሳቡ። ክሩን ወደ ጌጡ አስጠጉ እንጂ ወደ ቀለሙ አትጫኑ። ሲከብዳችሁ አትታገሉ፣ እንደገና አሙቁ።

ክሩ አንድ ነጥብ ላይ እየተያዘ እምቢ ካለ

እዚያ ጋ ሙጫ ብቻ አይደለም ያለው፤ ፒን ወይም ክሊፕ አለ። ዙሪያውን ቆርጣችሁ ጨርሱና ጌጡን ሳታጣምሙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ከውስጥ በኩል መድረስ ከተቻለ ክሊፑን ከዚያ መልቀቅ ይሻላል። የሚቀረው ቀዳዳ ውሃ እንዳያስገባ መደፈን አለበት፣ አለበለዚያ ዝገት ይጀምራል።

የቀለሙ ጠርዝ ብድግ ማለት ከጀመረ

ወዲያው አቁሙ። የፋብሪካ ቀለም በምድጃ ሙቀት የደረቀ ስለሆነ በቀላሉ አይነሳም። የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ በኋላ የተቀባው ነው፣ በተለይ ከሥሩ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ መሙያ) ካለ ወይም ላሜራው በደንብ ሳይጸዳ ከተቀባ። ስለዚህ ሳትጀምሩ የበሩንና የመስኮቱን ጎማዎች ጠርዝ እዩ። የቀለም ነጠብጣብ ወይም የማስኪንግ (ቀለም ሲቀባ የሚለጠፍ መሸፈኛ) መስመር ካለ አካሉ ዳግም ተቀብቷል ማለት ነው። እንደዚህ ባለ መኪና ላይ፣ ግዴታ ካልሆነ በቀር፣ እኔ ብሆን ጌጡን አልነካውም። ላሜራው ከታየ ደግሞ ሳትዘገዩ በቀለም ሸፍኑት።

ስፖንጁና ሙጫው ከቀረ

በምላጭ አትፋቁ። ገና ሞቅ እያለ በአውራ ጣት እያንከባለላችሁ አንሱት። የቀረውን በአልኮል ወይም በሙጫ ማስለቀቂያ በራሰ ጨርቅ ሸፍናችሁ ጥቂት ቆዩና ጥረጉ። መጀመሪያ ግን በማይታይ ቦታ ሞክሩት። ቲነርና አሴቶን ፈጽሞ አይንኩት፤ ቀለሙን ያለሰልሱታል።

ሁሉም ከጸዳ በኋላ የጌጡ ቅርጽ እንደ ጥላ ከታየ

ዙሪያው በፀሐይ ደብዝዞ ከሥር ያለው ቀለም አዲስ ስለቀረ ነው። ፖሊሽ ልዩነቱን ይቀንሰዋል፤ በአሮጌ መኪና ላይ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል።

ጌጡን መልሳችሁ የምትለጥፉት ከሆነ አሮጌውን ሙጫ ከጀርባው አጽዱ። ሁለቱንም ገጽ በአልኮል ጥረጉና በአዲስ ማጣበቂያ አጥብቃችሁ ተጫኑት። ማጣበቂያው ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት 3 ቀን ያህል ስለሚፈልግ እስከዚያ መኪናውን አትጠቡ።