ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ለሚያሳድግ ቤተሰብ ጎረቤትና እድር እንዴት ይድረሱለት?

ኦቲዝም ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ ሁኔታ እንጂ እርግማን ወይም የእናት ጥፋት አይደለም፤ ስለዚህ ማገዝ የሚፈልግ ጎረቤት «ምን ነክቶት ነው?» ማለቱን ትቶ፣ «ቅዳሜ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት እኔ ከልጁ ጋር ልቆይ፣ አንቺ ጉዳይሽን ጨርሺ» ቢላት ለእናቲቱ እውነተኛ እፎይታ ይሆናል።

ልጁን ብቻዎን ከመያዝዎ በፊት ግን ከእናቱ ጋር ሆነው ሁለት ሦስት ጊዜ አብረውት ይዋሉ። የትኛው ድምፅ እንደሚያስጨንቀው፣ የትኛውን ምግብ እንደማይቀበልና ውሃ ሲጠማው በምን ምልክት እንደሚያሳውቅ ይጠይቁ። ጆሮውን ይዞ ሲጮህ መቆጣትም ሆነ መምከር አይጠቅመውም፤ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው፣ የከበበውን ሰው አርቀው፣ እስኪረጋጋ በዝምታ አጠገቡ ይቆዩ። አንዳንድ ልጆች ድንገት ከቤት ስለሚወጡ የግቢው በር መዘጋቱን ያረጋግጡ፤ የሰፈሩ ባለሱቆችና ጥበቃዎችም ልጁን በመልኩና በስሙ ቢያውቁት መልካም ነው፣ ይህም በወላጆቹ ፈቃድ ይሁን።

እድሩ ደግሞ ለቀብር ያልተገኘን አባል የሚቀጣ ከሆነ፣ ልጁን ጥሎ መውጣት ለማይችል ወላጅ ቅጣቱን በውሳኔ ማንሳት አለበት፤ በእኔ እምነት ይህ ከገንዘብ መዋጮ ይበልጣል።

የባለሙያ ድጋፍ ለመፈለግ፣ ራሳቸው የኦቲዝም ልጅ እናት የነበሩት ዘሚ የኑስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አንዱ መነሻ ነው። ወላጆቹ ወደዚያ ሲሄዱ ሌሎቹን ልጆች የሚጠብቅ ሰው ከጎረቤት ይመደብ።