የማሽካንታ ኢንሹራንስ ከባንኩ ብቻ አይገዛም

እስራኤል ውስጥ የመጀመሪያ ቤታችሁን በማሽካንታ፣ ማለትም ለቤት መግዣ በሚሰጥ የባንክ ብድር ስትገዙ ባንኩ የሕይወትና የሕንፃ ኢንሹራንስ ይጠይቃል። ከማን እንደምትገዙ ግን ምርጫው የእናንተ ነው። ኢንሹራንስን በሚቆጣጠረው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ድረ ገጽ ላይ የዋጋ ማወዳደሪያ አለ፤ ዕድሜያችሁንና ታጨሱ እንደሆነ ሞልታችሁ አወዳድሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቅናሽ አትታለሉ፤ እስከ መጨረሻው የምትከፍሉትን ድምር ጠይቁ። ቅናሹ ሲያልቅ ሌላ ኩባንያ ጋ መዞር ይቻላል። ከዕዳው ከፊሉን ቀድማችሁ ከከፈላችሁ ደግሞ ቀሪውን ሂሳብ ለኢንሹራንስ ኩባንያው ላኩ፤ ካላወቀ በድሮው ዕዳ ልክ ማስከፈሉን ሊቀጥል ይችላል።

ኩባንያ ስትቀይሩ አዲሱ ኢንሹራንስ ጸድቆ ባንኩ ሳይቀበለው ግን አሮጌውን እንዳትሰርዙ። ውሉን ከገባችሁ በኋላ በሽታ ከተገኘባችሁም የሕይወት ኢንሹራንሱን መቀየሩ ይቅርባችሁ፤ አዲሱ ኩባንያ የጤና መጠይቅ ስለሚያስሞላ ሊያስወድድባችሁ ወይም ጭራሽ እምቢ ሊላችሁ ይችላል።