ሌሊት የሚጨምር ደም ግፊት፦ ወንዶች እንዴት እንከታተለው?

ቀን ስትለካ ግፊትህ ኖርማል ነው ተባልክ ማለት ሌሊትም ደህና ነው ማለት አይደለም። ጤነኛ ሰው ሲተኛ ግፊቱ ከቀኑ ከ10 እስከ 20 ፐርሰንት ይወርዳል፣ ካልወረደ ግን ደም ስሮች እረፍት አያገኙም፣ ግድግዳቸው እየደደረ ይሄዳል፣ ልብና ኩላሊትም አብረው ይጎዳሉ።

መጀመሪያ ሃኪምህን የ24 ሰአት መለኪያ ጠይቀው፣ ክንድህ ላይ ታስሮ ተኝተህም ራሱ ይለካል፣ የሌሊቱ አማካይ 120/70 ወይ ከዛ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው የሚባለው። እሱ ካልተገኘ ቤት ውስጥ ማታ ከመተኛትህ በፊትና ጠዋት መድሃኒት ሳትወስድ 5 ደቂቃ ቁጭ ብለህ ሁለት ሁለቴ ለካና ጻፈው፣ የሌሊቱን ባይተካም ለሃኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

ደሞ ወንድሜ ማንኮራፋትን እንዳትንቅ! ሚስትህ ተኝተህ ትንፋሽህ ቁርጥ ይላል ካለችህ ወይ ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥልህ ከሆነ ስሊፕ አፕኒያ (ተኝተህ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ህመም) ሊሆን ስለሚችል ተመርመር፣ ወንዶች ላይ ይበዛል፣ የሌሊት ግፊት ከሚያመጡት ዋና ዋናዎቹም አንዱ ነው፣ ሲታከም ደሞ ለውጥ አለው። ጨው ቀንስ፣ ማታ አልኮል ተው፣ እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችንም ዝም ብለህ አትዋጥ ግፊት ይጨምራሉ። የመድሃኒት ሰአት ግን በራስህ እንዳትቀይር፣ ሌሊት ከመጠን በላይ ሊወርድብህ ይችላል።